ብሮ፣ ባን ተደረግኩ! ስለ ቦት፣ ሃክና የአካውንት እገዳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። ጥቂት ኮምፒውተሮች፣ ፕሌይስቴሽንና ዋይፋይ አለን። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መልስ ይሰበሰባሉ፤ ከጨዋታው እኩል የሚበዛው ደግሞ ስለ እገዳ የሚነሳው ጥያቄ ነው። በየቀኑ አንድ ዓይነት መልስ ከምሰጥ እዚህ ላስቀምጠው አልኩ። የጠቀስኳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቦት ምንድን ነው? ከሃክ በምን ይለያል?

ቦት በእናንተ ፈንታ የሚጫወት ፕሮግራም ነው። እናንተ ተኝታችሁ እሱ ዛፍ ይቆርጣል፣ ጭራቅ ይገድላል፣ ወርቅ ይለቅማል። ኤይምቦትና ዎልሃክ የሚባሉት ሃኮች ግን እናንተው እየተጫወታችሁ የሚያግዟችሁ ናቸው። አንዱ ያነጣጥርላችኋል፤ ሌላው ግድግዳ ጀርባ ያለውን ሰው ያሳያችኋል። የጌም ኩባንያዎች ሁለቱንም ያግዳሉ።

ፓብጂ ውስጥ ራሱ ቦት ሞልቶ የለ? እነሱ ለምን አይታገዱም?

እነሱን ያስገባቸው ጌሙ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ወይም የተጫዋቾች መጠበቂያው (ሎቢው) በሰው ካልሞላ ጌሙ በራሱ ቦት ይጨምራል። ጓደኛችሁ «አንተ ቦት» ብሎ ሲሰድባችሁ የሚያወዳድራችሁ ከእነዚያ ቆመው ከሚተኩሱት ጋር ነው። ከቦት የሚያሳግደው ተጫዋቹ ከውጭ ያመጣው ብቻ ነው።

ኩባንያው ያለው ባሕር ማዶ ነው። እኔ ቱሉ ዲምቱ ቁጭ ብዬ የማደርገውን በምን ያውቃል?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይሄንን ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። የሚያዩበት ቦታ ሁለት ነው፤ አንደኛው የእናንተ ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ሁለተኛው የእነሱ ሰርቨር፣ ማለትም ጌሙን የሚያስተናግደው የኩባንያው ኮምፒውተር።

ከመሣሪያው እንጀምር። ብዙ ጌሞች ከጌሙ ጋር አብሮ የሚሠራ ጠባቂ ፕሮግራም አላቸው። ቫልቭ የተባለው የጌም ኩባንያ ቪኤሲ የሚባለውን ጠባቂ በ2002 ለካውንተር ስትራይክ አወጣ። ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ2005 ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት ላይ ዋርደን የሚባለውን አስገባ። እነዚህ ፕሮግራሞች ኬላ ላይ የተፈላጊዎችን ፎቶ ይዞ እንደቆመ ፖሊስ ናቸው። የታወቁ ሃኮችን መለያ ይዘው ሜሞሪው ውስጥ ያለውን ያመሳክራሉ። ፎቶው ያልተያዘ አዲስ ሃክ ለጊዜው ሊያልፍ ይችላል።

ራየት የተባለው ኩባንያ በ2020 ከቫሎራንት ጌም ጋር ያወጣው ቫንጋርድ ከዚህም ጠለቅ ይላል። ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ በሲስተሙ እምብርት ላይ ይቀመጣል። በ2024 ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም ላይ ገብቷል። እዚህ ቤት የሚመጣ ልጅ ቫሎራንት ከፍቶ «ቫን 9001» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብሎ ይጮኻል። አልተበላሸም። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴኪዩር ቡትና ቲፒኤም 2.0 የሚባሉት የኮምፒውተሩ መጠበቂያዎች ካልበሩ ቫንጋርድ አያስገባም፣ በቃ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብቶ ማብራት ነው። አንድ ፕሮግራም እንዲህ ጓዳ ድረስ መግባቱ እኔንም አያስደስተኝም፤ ግን ጌሙን የፈለገ ይሄንንም መቀበል አለበት።

ስልክ ላይ ሌላ ነገር ያያሉ። የጫናችሁት ጌም ኩባንያው ያወጣው ትክክለኛው ፋይል ነው ወይስ ሌላ ሰው የነካካው ፋይል (ሞድ ኤፒኬ)? ስልኩ ሩት ተደርጓል፣ ማለትም የሲስተሙ መቆለፊያ ተከፍቷል? ጌሙ እውነተኛ ስልክ ላይ ነው ወይስ ኮምፒውተር ላይ በኢሙሌተር የሚሠራው? ኢሙሌተር ብቻውን ሁልጊዜ አያሳግድም። ፓብጂ ሞባይል የራሱን ኢሙሌተር የሚጠቀሙትን ለይቶ እርስ በርሳቸው ያጫውታል።

አሁን ወደ ሰርቨሩ እንምጣ። ልጆቹ የሚረሱት ይሄንን ነው። እያንዳንዱ እርምጃ፣ እያንዳንዱ ጥይት፣ እያንዳንዱ ንክኪ በኢንተርኔት አድርጎ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። እዚያ ይመዘገባል። ስልካችሁ ላይ ምንም ሃክ ባይገኝ እንኳ አጨዋወታችሁ ራሱ ይናገራል።

አንድ ልጅ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶልኝ ሄደ። ብሎኩ ላይ መብራት ስለጠፋ ነው ያለኝ። ትንሽ ቆይቼ ዘወር ስል ስክሪኑ በርቶ በራሱ ይነካካል። አውቶ ክሊከር ነው። ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ክቦች ስክሪኑ ላይ ተደርድረዋል። ገጸ ባሕሪዋ ዛፉ ጋ ትሄዳለች፣ ትቆርጣለች፣ ትመለሳለች፣ እንጨቱን ታስረክባለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ስትዞር የምትዞረው በዚያው ድንጋይ በኩል ነው። ንክኪው የሚያርፈው በዚያው ነጥብ ላይ ነው። በንክኪና በንክኪ መሀል ያለው ጊዜም አይለወጥም። አንድ ጊዜ ሌላ ተጫዋች መጥቶ ዛፉን ቀድሟት ቆረጠው። እሷ ባዶውን መሬት መምታቷን ቀጠለች።

ሰው እንዲህ አይጫወትም። የሰው ጣት ይስታል፣ ላብ ያዳልጠዋል፣ ይዘገያል። ስልክ ይደወልለታል። እናቱ ዳቦ ግዛ ብላ ትልከዋለች። ዛፉ ከጠፋ ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ ሰርቨሩ በንክኪዎቹ መሀል ያለውን ጊዜ ይለካል፣ ቦታቸውን ያያል፣ የሄዳችሁበትን መንገድ ይደራርባል፣ ስንት ሰዓት ሳታርፉ እንደቆያችሁ ይቆጥራል። የተሻሉት ቦቶች ጊዜውን ሆን ብለው ያዛባሉ። ኮምፒውተር የሚያዛባውና ሰው የሚያዛባው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በብዙ ሰዓት መዝገብ ላይ ልዩነቱ ይወጣል።

ሌላው ዱካ ወርቁ የሚሄድበት ነው። ቦት የሚያሰማራ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለንግድ ነው። አንድ መንጋ አካውንት ይለቅማል፣ የለቀመውን ለአንድ አካውንት ያስረክባል፣ ያ አካውንት ለገዢ ይሸጣል። ኩባንያው አንዱን ከያዘ ማን ለማን በነጻ ሰጠ ብሎ ክሩን ይጎትታል። ሩንስኬፕ የተባለው ጌም በወርቅ ነጋዴዎች በጣም ከመማረሩ የተነሳ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ተጫዋቾች እንደልባቸው እንዳይሰጣጡ ከለከለ። ንጹሐኑ ተጫዋቾች እጅግ ተቆጡ። ነጻ ልውውጡ የተመለሰው በ2011 ነው። እዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኩባንያው ቦቶቹ የሚሠሩበትን መንገድ የሚያፈርስ ማሻሻያ አውጥቶ 1.5 ሚሊዮን አካውንት ማገዱን አስታወቀ።

ሃኩን መጠቀም ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ምንም አልሆንኩም። አልታወቀብኝም ማለት ነው?

አይደለም። ቀድሞ ታውቆባችሁ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃኩን በተጠቀማችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቢያግዷችሁ ሃኩን የሠራው ሰው የትኛው ነገር እንዳስያዘው ወዲያው ይገባዋል። በአንድ ሌሊት አስተካክሎ አዲስ ያወጣል። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ዝም ብለው ስም ይሰበስባሉ። ሳምንታት ሊቆዩ ይችላሉ። ከዚያ አንድ ቀን ሁሉንም በአንዴ ያግዳሉ። ሠሪው እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የቱ እንዳስነቃበት ይፈልግ።

በጣም የምወደው ምሳሌ ዶታ 2 ነው። የካቲት 2023 ላይ ቫልቭ ከ40,000 በላይ አካውንት አገደ። ያደረጉት እንዲህ ነው። ሃኮቹ የጌሙን የውስጥ መረጃ እየገቡ ያነባሉ። ቫልቭ በአንድ ማሻሻያ ውስጥ ማንም ጤነኛ ተጫዋች በጨዋታ ጊዜ ሊያነበው የማይችል መረጃ ሸጎጠ። ጌሙ ራሱ አይነካውም። የነካው ሁሉ ሃክ ነው ማለት ነው። ወጥመዱን አስቀምጠው ጠበቁ፣ ቆጠሩ፣ ዘጉ። እዚህ ጋ «ሳላውቅ ነው» የሚባል ክርክር ቦታ የለውም።

ስለዚህ ቴሌግራም ላይ «አንቲባን፣ 100 ፐርሰንት ሴፍ» እያለ የሚሸጥላችሁ ሰው ምንም ማስረጃ የለውም። እሱ የሚያውቀው ደንበኞቹ እስከ ትናንት ድረስ እንዳልታገዱ ነው። መዝገቡ ያለው ሌላ ሰው እጅ ነው።

ሳያግዱ የሚቀጡበት መንገድ አለ የሚባለው እውነት ነው?

አለ፤ ያውም የሚያስቅ ነው። ፖኪሞን ጎ በ2017 አጭበርባሪዎችን ተራ ተራ ፖኪሞን ብቻ እንዲያዩ ማድረግ ጀመረ። ብርቅዬው ጎናቸው ቆሞም አይታያቸውም። ኮል ኦፍ ዲዩቲ በ2021 ሪኮሼ የሚባል ጠባቂ ይፋ አደረገ። እሱ ሃከሩን ሳያባርር ጥይቱ እንዳይጎዳ ያደርጋል፤ ወይም ተጋጣሚዎቹን ይሰውርበታል። ሰውዬው ይተኩሳል፣ ማንም አይሞትም። ኩባንያው እስከዚያ ሃኩ እንዴት እንደሚሠራ እያየ መረጃ ይለቅማል።

ሪፖርት ሳደርግ የሚያየው ሰው አለ?

እንደ ጌሙ ነው። ካውንተር ስትራይክ ከ2013 ጀምሮ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የተጠርጣሪውን ጨዋታ ስሙ ሳይታያቸው ተመልክተው እንዲፈርዱ አድርጎ ነበር። በ2018 ቫልቭ አነጣጠርን የሚያጠና የኮምፒውተር ትምህርት ሥርዓት እንደሠራ በይፋ ገለጸ። ያኔ ኮምፒውተሩ ይጠረጥር፣ ሰዎቹ አይተው ይወስኑ ነበር። ሪፖርታችሁ በአብዛኛው የሚያደርገው ያንን ጨዋታ ወደ ማጣሪያው ማስገባት ነው። ስኳዱ (አብሮ የሚጫወተው ቡድን) ተሰብስቦ አንድ ጎበዝ ልጅ ላይ ሪፖርት ስላዘነበ ብቻ ልጁ ይታገዳል ብላችሁ አትጠብቁ። ልጁ አሸነፋችሁ እንጂ ምን በደላችሁ?

በአንድ ዋይፋይ ነው የምንጫወተው። አንዱ ሃክ ቢጠቀም ሁላችንም እንታገዳለን?

በዋይፋዩ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አትታገዱም። በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ብዙ ሰው እንደሚጠቀም ኩባንያዎቹ ያውቃሉ። የሞባይል ዳታም ብዙ ደንበኛን በአንድ አድራሻ ያስወጣል። ስለዚህ የሚቀጡት በቅድሚያ አካውንቱንና መሣሪያውን ነው።

መሣሪያው ሲታገድ ግን ለእኛ ለጌም ቤቶች መከራ ነው። የኮምፒውተሩ ክፍሎች መለያ ቁጥር ይያዛል። ከዚያ በኋላ እዚያ ኮምፒውተር ላይ በንጹሕ አካውንት የገባ ሌላ ልጅም ሊታገድ ይችላል። እኔ ቤት ፍላሽ መሰካትና ፋይል ማውረድ የተከለከለው ለዚህ ነው። ሲኤምሲ ያለ የአጎትህ ልጅ ቤት ይፈቀዳል ካልክ እዚያ ሂድ።

ኔቴ ይቆራረጣል፣ መብራት ይጠፋል። በዚህ እታገዳለሁ?

አትታገዱም። ፒንግ መብዛት፣ ማለትም ኔቱ መዘግየቱ፣ ወንጀል አይደለም። ጨዋታ አቋርጦ መውጣት ሲደጋገም ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ከመጫወት ሊያስከለክላችሁ ይችላል፤ ከሃክ እገዳ ጋር ግን አይገናኝም። ሆን ብሎ ኔት እየቆረጡ ሰው ማደናገር ግን ሌላ ነው።

ዩሲ (የፓብጂ ውስጥ ገንዘብ) በርካሽ ገዝቼ አካውንቴ ተዘጋ። ይሄ ደግሞ ምን አገናኘው?

በጣም ይገናኛል። ርካሹ ዩሲ ወይም ዳይመንድ የሚባለው የሌላ ጌም ገንዘብ አንዳንዴ በተሰረቀ የባንክ ካርድ የተገዛ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሻጩ ከገዛ በኋላ ገንዘቡን ከመደብሩ ያስመልሳል። ገንዘቡ ሲመለስ ጌሙ ዩሲውን ይነሳል። እናንተ ደግሞ በልታችሁታል። ሂሳባችሁ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ አካውንቱም ሊዘጋ ይችላል። በቴሌብር የላካችሁት ብር ግን አይመለስም። ሻጩ ብሎክ አድርጓችኋል።

ምንም ሳላደርግ ታገድኩ። እነሱ አይሳሳቱም?

ይሳሳታሉ። ሐምሌ 2010 ላይ ቫልቭ ወደ 12,000 የሚጠጉ የሞደርን ዎርፌር 2 ተጫዋቾችን በስህተት አግዶ ነበር። እገዳውን አነሳ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ለእያንዳንዳቸውም ሌፍት ፎር ዴድ 2ን በነጻ ሰጠ፤ አንድ ደግሞ ለጓደኛ የሚሰጥ ጨመረላቸው።

ግን ልብ በሉ። «ምንም አላደረግኩም» ብሎ የመጣ ልጅ ስልክ ላይ አብረን ስንፈልግ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር እናገኛለን። ታናሽ ወንድም የጫነው አውቶ ክሊከር ይኖራል። ግራፊክስ የሚቀይር መተግበሪያ ይኖራል። ወይም አካውንቱ ከሌላ ሰው የተገዛ ነው፤ የመጀመሪያው ባለቤት ያጠፋው ጥፋት አብሮ መጥቷል።

በእውነት ንጹሕ ከሆናችሁ በጌሙ ውስጥ ባለው የድጋፍ ገጽ አመልክቱ። መለያ ቁጥራችሁን፣ የታገዳችሁበትን ቀን፣ የስልካችሁን ዓይነትና ጌሙን ከየት እንዳወረዳችሁት ጻፉ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ በጉግል ተርጉሙት፤ አጭር አረፍተ ነገር ከሆነ ይገባቸዋል። ስድብ አታስገቡ። አንድ ማመልከቻ አስገብታችሁ መልስ ጠብቁ። የቪኤሲ እገዳ ግን በማመልከቻ አይነሳም፤ የሚነሳው ቫልቭ ራሱ ስህተት መሆኑን ሲያገኝ ብቻ ነው።

«አንባን አደርግልሃለሁ» (እገዳህን አነሳልሃለሁ) ለሚል ሰው ብር አትላኩ። የኩባንያው ሰርቨር ውስጥ የሚገባበት ቁልፍ የለውም። ፓስወርዳችሁን ከሰጣችሁት ደግሞ የቀሩትን አካውንቶቻችሁንም ይወስዳል።

ልጄ አካውንቴ ታገደ ብሎ ምሳ አልበላም አለ። ያገደው መንግሥት ነው? እንከሰሳለን?

ይሄንን የጠየቁኝ የጎረቤት እናት ናቸው። እትዬ፣ አይስጉ። ያገደው ጌሙን የሠራው ኩባንያ ነው፤ የራሱን ደንብ ነው ያስከበረው። ፍርድ ቤት የሚጓተቱት ሃክና ቦት ሠርተው የሚሸጡት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ግላይደር የተባለ የዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት ቦት የሚሸጥ ድርጅት ነበር። ብሊዛርድ ረታውና በ2009 ሽያጩ ቆመ። በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ከፊሉን ሻረ፣ ከፊሉን አጸና። የእርስዎን ልጅ የሚፈልገው የለም።

ፓብጂ ሞባይል ላይ ከሆነ 10 ዓመት የሚል አይተው ደንግጠው ይሆናል። የጌሙ የታወቀ ቅጣት ነው። ልጁ 14 ዓመቱ ከሆነ በ24 ዓመቱ ይከፈትለታል ማለት ነው፤ ያኔ ሌላ ጉዳይ ይኖረዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጁ የጫነው ሃክ ሲጫን ምን ፈቃድ ጠየቀ? ብዙዎቹ የጽሑፍ መልእክት ማንበብና ስክሪኑን መቆጣጠር ይጠይቃሉ። ስልኩ የእርስዎ ከሆነ የባንክና የቴሌብር መልእክት የሚገባው እዚያው ላይ ነው። መተግበሪያውን ያስጠፉት። ከዚያ የሚስጥር ቁጥርዎን ይቀይሩ፤ ቢቻል በሌላ ስልክ። ምሳውን ነገ ይበላል።

ያገለገለ ስልክ ገዛሁ። አዲስ አካውንት ብከፍትም ታግዷል ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

የቀድሞው ባለቤት ሃክ ተጠቅሞበት ስልኩ ራሱ ታግዶ ይሆናል። አንዳንድ ጌሞች የስልኩን መለያ ስለሚይዙ ፋክተሪ ሪሴት ማድረግም ላያጠራው ይችላል። ለድጋፍ ክፍሉ ስልኩን በቅርብ እንደገዛችሁት ጻፉ፤ ደረሰኝ ካላችሁ ፎቶ አያይዙ። ሁሉም ግን እሺ አይልም።

የሚሻለው ከመግዛታችሁ በፊት ማየት ነው። መርካቶም ሆነ ሰፈር ስትገዙ ካሜራውንና ባትሪውን ብቻ አትፈትሹ። ዳታ አብሩ፣ ጌሙን አውርዱ፣ በእንግዳ አካውንት ግቡና አንድ ዙር ተጫወቱ። ሻጩ «ኧረ ችግር የለውም፣ ቤት ስትደርስ ይከፈታል» ካለ እዚያው ይክፈትላችሁ።